ለፊልም ቤቱ ስም ፈልግልኝ

መስከረም 18

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ? ባለፈው ዓመት ከላክልኝ አምስት መስመር ውስጥ ሁለቱ ስለ ጉልበትህ ነበሩና ከእሱ ጀመርኩ። እኔ ደህና ነኝ። የሚያነብ ዓይንና የሚናገር አፍ ፈጣሪ አልነሳኝም፤ ሌላው ሌላው እንደ ዕድሜዬ ነው። አንተንም በወጣህበት በገባህበት ክፉ አይንካህ፤ የምትጠግነው ሊፍት ከነሰዉ በሰላም ይውረድ። አሜን በል።

ዛሬ የምጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ጉዳይ አለኝ። ፊልም ቤቱ ሊከፈት ነው! አዎ፣ የእኛው ፊልም ቤት። አሥራ ሰባት ዓመት የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ከርሞ፣ ባለፈው ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው ሰው መለሰው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ያ ጂኦግራፊ ያስተማረህ መምህር ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ግን አሁንም ሲናገር በእንጨት እየጠቆመ ነው። ልብስ ሰፊው ስክሪኑን እየሰፋ ነው። ነጩ ጨርቅ ከሱቁ ተርፎ መንገድ ላይ ስለወጣ ሰው እየዘለለው ያልፋል። እኔንም «ያለ ትኬት ቆራጯ ምን ፊልም ቤት አለ?» ብለው ጎትተው አስገቡኝ። ተግደረደርኩ እንጂ ደስ ብሎኛል።

ወንበሮቹን ቆጠርን። ከሁለት መቶ አሥሩ መቶ አርባ ሦስቱ ተርፈዋል። የትኬት መስኮቴም አለች። ገብቼ ቁጭ ስል ጉልበቴ ከግድግዳው ተላተመ፤ ወይ እሷ ጠባለች፣ ወይ እኔ ሰፍቻለሁ። መምህሩ «ሕንፃ አይጠብም» አለኝ። ምን አለበት ዝም ቢል!

አሁን ወደ ጉዳዬ። ስም የለንም። የድሮው ስም በየዘመኑ ሲፋቅና ሲጻፍ ኖሮ ታፔላው ላይ የቀሩት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው። ሰዉም ቢሆን «ፊልም ቤት» ከማለት ሌላ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ ግን «ስም የሌለው ቤት ፈቃድ አይሰጠውም» ብሏል። ታፔላ ጻፊው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ባየኝ ቁጥር «እህሳ?» ይለኛል። አንተ ደግሞ ስም ማውጣት ታውቅበታለህ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ቅጽል ስም ያወጣህ አንተ አይደለህ? ግማሹ እስከ ዛሬ በዚያው ይጠራል፣ አንዳንዱም እስከ ዛሬ ቂም ይዞብሃል። እስቲ አንድ ስም ፈልግልኝ።

ስልክ ደውዬ ብጠይቅህ ይቀለኝ ነበር። ግን በስልክ «እሺ እትዬ፣ ደህና ነኝ እትዬ፣ መስመሩ ይቆራረጣል እትዬ» ትልና ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋም።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ


ጥቅምት 25

ለእትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። አሜን ብያለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ግራው ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል።

ሥራዬ ያው ነው። አሥራ አራት ሕንፃ፣ አርባ አንድ ሊፍት። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት ግን ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ስድስት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ አንዴ ቤት ገብቼ። ስም ብለሽኛል። ሦስት አስቤያለሁ፦ «ብርሃን»፣ «ንጋት»፣ «አዲስ ዕይታ»። የወደዳችሁትን ውሰዱ።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ የተረፉት ወንበሮች የትኞቹ ናቸው? ከምሰሶው ጀርባ ያሉት፣ ማንም የማይፈልጋቸው ሁለቱ አሉ? በቀኝ በኩል ያለው በር አሁንም ሲከፈት ያለቅሳል?

ስለ ላይኛው የማሽን ክፍል ግን አትጻፊልኝ። የድሮ ውላችን እንደጸና ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ጤናህን ያብዛልኝ፤ ስድስቱን ፎቅም አንድ ያድርግልህ።

ስሞችህን ኮሚቴው ፊት አቀረብኳቸው። አይ አንተ! «ብርሃን» ስንል ልብስ ሰፊው «መብራት በቀን ሁለቴ በሚጠፋበት ከተማ? ሰው ይስቅብናል» አለ። «ንጋት» ያልከውን መምህሩ «ፊልም የምናሳየው ከሰዓት ነው፤ ንጋት ላይ ማን ይመጣል?» ብሎ ጣለው። «አዲስ ዕይታ» ደግሞ የመነጽር ሱቅ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሌላ አስብና ጻፍልኝ። አትቸኩል፣ ግን አትዘግይ።

ከምሰሶው ጀርባ ያሉት ሁለቱ አሉ። ክፉ ነገር አይጠፋም። በሩም ያለቅሳል፤ ዘይት ሊቀቡት ሲሉ እኔ ከለከልኩ። ለምን እንደከለከልኩ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። አንተ ሁልጊዜ ፊልም ከተጀመረ በኋላ በዚያ በር እየሾለክ ስትገባ በድምፁ አውቅህ ነበር።

አሁን ውላችንን ሳላፈርስ አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሉ ስለ ክፍሉ ነው፣ ስለ ቀበቶ አይደለም አይደል? አዲስ የተገዛልን ማሽን የሻንጣ ያህል ነው፤ ቁልፍ ሲነኩት ፊልሙ ይመጣል፣ ጥቅል የለው ምን የለው። ነገር ግን ሰዉ «ለመክፈቻው ዕለት ያ አሮጌው ማሽን ይዙርልን» ብሏል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ቀበቶው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ልኩን የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። የምታውቀው ካለ ንገረኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፤

ሰላም ለቤትሽ ሁሉ። ቀበቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ከሊፍት በር ቀበቶ ቆርጬ የሠራሁት ነው፤ ከድሮው ይሻላል። ከማስነሳታችሁ በፊት ትልቁን ጎማ በእጅ ሦስት ጊዜ ወደፊት አዙሩት፤ ወደኋላ እንዳታዞሩ። ቀበቶው ሲገባ በጣት ቢጫኑት የአንድ ጣት ስፋት ያህል መርገብ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ ፊልሙን ይበጥሳል። በስተግራ ያለችው ትንሿ ቡሎን ሁልጊዜ ትላላለች፤ ወረቀት አጥፋችሁ ሥሯ ክተቱ። ሲነሳ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ አትደንግጡ፤ እስከ አሥር ከቆጠራችሁ ድምፁ ይስተካከላል። አባባ አብሮት በጉሮሮው

(ይቅርታ፣ ይህን መስመር ተይው። ወረቀት ላለማባከን ብዬ ነው ያልቀየርኩት።)

ባለፈው ሐሙስ አንድ አሮጌ ሊፍት ውስጥ ሆኜ ሞተሩን ሳስነሳ ድምፁ ልክ እንደዚያ ሆነብኝ። እስከ አሥር ቆጠርኩ። የሕንፃው ዘበኛ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ስም፦ «ማዕዘን»። «አደባባይ»። ወይም «የከተማችን ፊልም ቤት» በሉትና ተገላገሉ።

ወንድምሽ


ጥር 29

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እጅህ ይባረክ! ያ እጅህ ምን ይሁን ልበልህ! ቀበቶው ገባ፤ አንድ ጣት ይረግባል፤ ማሽኑ አጉረመረመ፤ እስከ አሥር ቆጠርን። ስምንት ላይ ሲደርስ ተስተካከለ። ልብስ ሰፊው አለቀሰና «አቧራው ነው» አለ። አቧራ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

«ማዕዘን»ንም «አደባባይ»ንም አልወደዷቸውም። አሁን ግን አንተን ሳልጠይቅ የማልፈው ነገር መጣ። ባለፈው ስብሰባ መምህሩ በእንጨቱ ወደ ላይኛው ክፍል ጠቁሞ «ሠላሳ ስድስት ዓመት ይህን ከተማ ያሳቀና ያስለቀሰ አንድ ሰው ነው፤ ቤቱ በእሱ ስም ይጠራ» አለ። በአባባ ስም ማለቱ ነው። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ አላወጣሁም። «ወንድሜን ልጠይቅ» አልኳቸው።

ደግሞ ልብስ ሰፊው የወገብህን ልክ ላክ ብሎሃል። ለመክፈቻው ዕለት ሙሉ ልብስ ሊሰፋልህ ነው። መቼም ትመጣለህ ብለን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ና ብዬህ አላውቅም። ና እንዳልልህ የፈራሁት እምቢ እንዳትለኝ ነበር። አሁን አልኩህ።

አንድ ፎቶም ላክ። የመጨረሻው ፎቶህ ላይ ፀጉር ነበረህ።

እህትህ


የካቲት 21

ለእትዬ፤

በእሱ ስም አይሆንም። የእናንተ ቤት ነው፣ ልከለክል አልችልም፤ ስሙን ከለጠፋችሁበት ግን እኔ ያንን ቤት አላውቀውም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የወገቤን ልክ አልልክም፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን አያባክን።

ጤና ይስጥልኝ።


መጋቢት 24

ወንድሜ፤

ኮሚቴው የአባባን ስም አንስቶታል። እንደምክንያት የሰጠሁት «ወንድሜ አልወደደውም» ብቻ ነው። ማንም አልተከራከረኝም። ታፔላ ጻፊው መሰላሉን ወሰደ፤ ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው አከራየው።

ጻፍልኝ። ስም ባይኖረውም ጻፍልኝ።


ግንቦት 6

ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ሕመም ነው ወይስ ኩርፊያ? ሕመም ከሆነ ፈጣሪ ይማርህ፤ ኩርፊያ ከሆነ እኔንም ይማረኝ፤ ጥፋት አለብኝና።

ልናዘዝ። ኮሚቴው ስሞችህን ጥሏቸዋል ያልኩህ ውሸቴን ነው። «ንጋት»ን ገና የመጀመሪያውን ቀን ወደውት ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ አድንቆታል። «ወንድሜ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ሌላ ይልካል» ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስሙ ከተገኘ መጻፍ ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ያልጻፍክልኝን በሦስት ወር ጻፍክልኝ፤ ስለ በሩ ጠየቅከኝ፣ ስለ ምሰሶው ጠየቅከኝ። እንዴት ብዬ «በቃ፣ ተገኝቷል» ልበልህ? የአንድ ከተማ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት የተቀመጠው በእኔ ስስት ነው። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ውሸታም ሆንኩ።

ተሳደብ ከፈለግክ። ግን በደብዳቤ ተሳደብ።

እህትህ


ሰኔ 2

ለእትዬ፤

አልታመምኩም፣ አላኮረፍኩብሽም። ስለ ስሞቹ ያልሽውን ሳነብ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ አየኝ። ሳቁ ሲያልቅ ወረቀት አወጣሁ። ስለዚህ እኔም ልናዘዝ፤ ውሉን ዛሬ ራሴ አፈርሰዋለሁ።

ያንን እሁድ ከሰዓት አንቺ ታች በመስኮትሽ ነበርሽ፤ ላይ የሆነውን አላየሽም። አባባ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አራት ዓመት አጠገቡ ቆሜ ጥቅል ሳቀብል ኖሬያለሁ፣ ማሽኑን ግን ብቻዬን ነክቼው አላውቅም። ቁልፉን አንገቴ ላይ ሳጠልቀው የእሱ ሙቀት ነበረበት።

ፊልሙ የወታደሩ ነው፤ አምስት ጥቅል። አራተኛው ላይ ወታደሩ ፈቃድ ወስዶ ሻንጣውን ይዞ በዚያ ረጅም መንገድ ወደ እናቱ ይመጣል፣ እናቱም ሮጣ ትቀበለዋለች። አምስተኛው ላይ ተመልሶ ይሄድና ይሞታል፤ ለእናቱ ኮቱን ያመጡላታል፤ ያልቃል። እንግዲህ የእጄ ላብ ይሁን የልቤ ኩራት፣ አላውቅም፤ ሦስተኛው ሲያልቅ አምስተኛውን አንስቼ ጫንኩ። ልብ አላልኩም። በትንሿ መስኮት ሰዉን ነበር የማየው፤ ሰው ሲያለቅስ እያየሁ «እኔ ነኝ ያስለቀስኳቸው» እያልኩ። «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ መጣ፣ መብራት አበራሁ፣ ዞር ስል አንድ ያልተከፈተ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

በድንጋጤ ጫንኩት። ሌላ ምን ላድርግ? ሰዉ ተነስቶ ወደ በሩ እየሄደ ነበር፤ መብራት አጠፋሁና ለቀቅኩት። የሞተው ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ በመንገዱ መጣ። አንዲት ሴት «ቁጭ በሉ! ኧረ ቁጭ በሉ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። ሊደበድቡኝ የተነሱ መሰለኝ።

ፊልሙ አልቆ ስወርድ አንዱ ሮጦ ሄዶ ለአባባ «ልጅህ ሙት አስነሳ!» ብሎ ነግሮታል። ብርድ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ቁልፉን ከአንገቴ አወለቀ። «የሰው ሥራ መጫወቻ አይደለም። ሁለተኛ ይህን ደረጃ እንዳትረግጥ» አለኝ። እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ጠበቅኩ። በየጠዋቱ ከደረጃው ሥር እቆም ነበር። አጠገቤ አልፎ ይወጣል። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ «ና» ቢለኝ እስከ ዛሬ እዚያው ነበርኩ።

ሲሞት ጻፍሽልኝ። የጉዞ ትኬቴን ይዤ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያልጠራኝ ሰው ቤት ምን ብዬ ልግባ ብዬ ተመለስኩ። አሁን ጽፌ ሳነበው የልጅ ኩርፊያ ነው የሚመስለው። የልጅ ኩርፊያም ቢሆን ሠላሳ አንድ ዓመት በላኝ።

«ንጋት» በሉት። ጥሩ ስም ነው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 1

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለአባቴ ልጅ፤

ዛሬ ምርቃቱን ወደ መጨረሻ ላቆየው፤ የምነግርህ ይቀድማል።

ደብዳቤህን በትኬት መስኮቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ወንድምዬ፣ ያን ቀን የጮኸችው ሴት ማን እንደሆነች አታውቅም? ልብስ አጣቢዋ ነበረች። ልጇ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ኮቱን እንኳ ያመጣላት የለም። ያን ቀን «ተፈጸመ» ሲል ሰው ሁሉ ሲነሳ እሷ መነሳት አቅቷት ቁጭ ብላ ነበር። ያ ሰውዬ በመንገዱ ሲመጣ ሰዉ ቆሞ ከለለባት። ለዚህ ነው «ቁጭ በሉ» ያለችው! ሌላውም የጮኸው በደስታ ነው። ጎልማሳ ሰዎች እየተላቀሱ ወጥተዋል። ማንም ሊመታህ አልተነሳም፤ ኧረ ሊስሙህ ነበር!

ፊልሙ በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ አንተ ሄደሃል። ሰዉ ትኬት ሳይቆርጥ መጀመሪያ መስኮቴ ላይ እየተደገፈ «እንደ ባለፈው ነው የሚታየው?» አለኝ። አባባ እንደ ባለፈው አሳየ። አሥራ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ፣ እንደ ባለፈው። «ተፈጸመ» ሲል አንድም ሰው አይነሳም ነበር። አዲስ ሰው ወይም እንግዳ ከተነሳ፣ ልብስ አጣቢዋ ከፊት «ቁጭ በሉ!» ትላለች፣ ሁለት መቶ ሰው ተቀብሎ «ቁጭ በሉ!» ይላል። እሷ ካረፈችም በኋላ ሰዉ ይል ነበር። እኔ አባባ ይህን የሚያደርገው ሰዉ አስገድዶት ይመስለኝ ነበር። አንተ ደግሞ ስለ ላይኛው ክፍል አትጻፊልኝ ብለኸኛል፤ አልጻፍኩም። ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ስኮራ ኖርኩ። ቃሌ ገደል ይግባ! አንድ ደብዳቤ ብሰድ ይበቃ ነበር።

እሱ ብቻ አይደለም። ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ ያንን ደረጃ ወጣሁ። የወታደሩ ፊልም እኛው ጋ ነው ያለው፤ አከፋፋዩ «አርጅቷል» ብሎ ትቶልን ነበር። ስናጸዳ ቆርቆሮዎቹን ጠርጌ መደርደሪያ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ግን ከፍቼ አላየኋቸውም። አሁን አወረድኳቸው። አምስተኛው ላይ የነበረውን ቁጥር አባባ በቢላ ፍቆ፣ በቀይ ቀለም «አራት» ብሎ ጽፎበታል። አራተኛውን ፍቆ «አምስት» ብሎታል። የዚህን ክዳን ስከፍተው ውስጡ ወረቀት ተለጥፏል። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለህ፤ ያ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የሚሄደው። እንዲህ ይላል፦

«ከእኔ በኋላ ማሽኑን ለምትይዝ። ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎህ እንዳታስተካክል። ልጄ ያጫወተው በዚህ ነው። ትክክሉ ይኸው ነው። ልጄ ሲመጣ ይህን ጥቅል እሱ ይጫን፤ እኔ ከልክዬው ነበር፣ አልደፈርኩም እንጂ ልጠራው ነበር።»

ሁለት ጊዜ ገልብጬ ነው የጻፍኩት፤ የመጀመሪያው በእንባዬ ተበላሸብኝ። ዋናውን አልልክልህም። መጥተህ ክዳኑ ላይ እንዳለ አንብበው።

ወረቀቱን ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። መምህሩ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳይቆሙ፣ እጅ ሳያወጡ፣ ስሙን ሁሉም ባንድ አፍ አሉት። ታፔላ ጻፊው ተጠርቶ መጣ፤ መሰላሉንም ከጣሪያ ላይ አስወርዶ አመጣ። አሁን በራችን ላይ በቀይ ቀለም «ቁጭ በሉ ፊልም ቤት» ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» አለኝ። እናትህን ጠይቅ አልኩት፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። በማግስቱ ማኅተሙን መታልን።

መስከረም 20፣ እሁድ ከሰዓት፣ የወታደሩን ፊልም እናሳያለን። አራቱን ጥቅል ልብስ ሰፊው ያጫውታል፤ ማሽኑን ተምሯል፣ ቡሎኗ ሥር ወረቀት ከቷል። አባባ «አምስት» ያለውን ግን ቆልፌበታለሁ፤ የክፍሉም የቆርቆሮውም ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ማንም አይነካውም። «ተፈጸመ» ይላል፣ ከዚያ እንጠብቅሃለን። ካልመጣህ ያ ወታደር እንደሞተ ይቀራል፤ መቶ አርባ ሦስት ሰው ይታዘብሃል።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ጉልበትህን ያበርታልህ። የአባትህ ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ለስድስት ፎቅ ሰው ምንም አይደል።

ና።

እህትህ


ነሐሴ 12

ለእትዬ፤

የወገቤ ልክ ዘጠና ስድስት ነው። ለልብስ ሰፊው ዘጠና አራት በይው፤ እስከዚያ እቀንሳለሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ረጅም ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ «ዛሬስ ምን ሆንክ?» አለኝ። «አባቴ ጠራኝ» አልኩት። አባትህ በሕይወት አለ እንዴ አለኝ። የለም አልኩት። ግራ ገብቶት ውኃ አመጣልኝ።

ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። የጉዞ ትኬቱን ቆርጫለሁ። በቀኝ በኩል ያለውን በር ዘይት እንዳትቀቡት፤ በእሱ ነው የምገባው፣ በድምፁ ታውቂኛለሽ። ምናልባት መንገድ ላይ ዘግይቼ «ተፈጸመ» የሚለው ቀድሞኝ ቢመጣ፣ ለሰዉ እንዲህ በይልኝ፦

ቁጭ በሉ። እየመጣሁ ነው።